ጸጥ ያለ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ አመራረጥ፦ ለደብረ ብርሃን ብርድና ለሸዋ ሮቢት ሙቀት

«ወንድሜ፣ ከደብረ ብርሃን መጥተህ ማቀዝቀዣ ትገዛለህ?»

አዲስ አበባ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ገብቼ ለፕሮሰሰሬ (ለኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) ኩለር፣ ማለትም ማቀዝቀዣ፣ ስጠይቅ ሻጩ ያለኝ ይኼን ነው። እየሳቀ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ወጣሁ፤ 130 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። እውነቱን ነው። ኅዳር ላይ ውርጭ በሚጥልበት ከተማ፣ ማታ ማታ ጋቢ ደርበን በምንቀመጥበት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ለምን እንደ ወፍጮ ይጮኻል?

ይህን የምጽፈው መልሱን እስካገኝ ድረስ ጊዜም ብርም ስላጠፋሁ ነው። ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ድምፅ የምትቀዱ፣ የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር የምታደርጉ (ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ እንዲያወጣ የምታደርጉ) ሰዎች አላችሁ። ብዙዎቻችን ኃይለኛ ፕሮሰሰር እንገዛና ኩለሩን በመጨረሻ፣ በተረፈችው ብር እንወስዳለን። ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል።

ነገሩ የገባኝ በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት ነው። አንድ አባት በገናቸውን ይዘው ቤቴ መጡ፤ ልቀዳላቸው ነበር። በገና ስትደረደር ገመዷ ይነዝራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠፋል። ለእኔ ውበቷ ያለው እዚያች መጥፊያዋ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከማይኩ አንድ ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። የጥር ሠርግ ቪዲዮዎች ገና አላለቁም ነበርና ከበስተጀርባ አንዱ ሬንደር እየተደረገ ነው። የኩለሩ ፋን (ማራገቢያው) ድምፁ ተነሣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ተነሣ። እሳቸው እጃቸውን ገመዱ ላይ አሳረፉና «ልጄ፣ ይቺ ከኋላዬ የምታጉረመርመው ምንድን ናት?» አሉኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ በስልኬ ቀዳኋቸው። ያን ዕለት በጣም ነው ያፈርኩት።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጸጥ ያለ ኩለር የሚባለው ከሚጠበቅበት ሥራ በላይ አቅም ያለው ነው። ትርፍ አቅም ካለው ፋኑን በዝግታ ማዞር ይችላል። አቅሙ ከሥራው ጋር እኩል ከሆነ ግን የትኛውም ስም ይለጠፍበት፣ መጮኹ አይቀርም።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች

*ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ሙቀት።* ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬን ውሰዱ። መነሻ ኃይሉ 125 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ሙሉ ሥራ ሲሰጠው ግን እስከ 253 ዋት ይሄዳል። ኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ 170 ዋት ይባላል፤ ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 230 ዋት ይወስዳል። ኮር አይ5 13600ኬ ደግሞ እስከ 181 ዋት ይደርሳል። በአንጻሩ ራይዘን 7 7700 ወሰኑ 88 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ኩለር ስትመርጡ ትልቁን ቁጥር ያዙ። በትንሹ ቁጥር የገዛ ሰው ነው ኋላ የሚያማርረው።

የኩለሩ ካርቶን ላይም «260 ዋት»፣ «270 ዋት» የሚል ታያላችሁ። ሁሉም ኩባንያ የሚለካበት አንድ የጋራ ደንብ የለም። በዚያ ላይ ያ ቁጥር ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር የሚገኝ ነው። ለጸጥታ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ከተጻፈው ላይ ደህና አድርጋችሁ ቀንሱ።

*ከፍታ።* ሻጩ ላነሣው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር 30 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን አይቀየርም፤ ያ አየር ግን ክብደቱ ያነሰ ነው። ክብደቱ ሲያንስ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። የውጭ አገር ሰው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሞክሮ «አስተማማኝ ነው» ያለው ኩለር እኛ ጋ ሲመጣ የተወሰነ አቅም ይጎድለዋል ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። ባሕር ዳርቻ ያለ ክፍል 25 ዲግሪ ነው እንበል። የኩለሩ ብረት ሙሉ ሥራ ላይ ከክፍሉ አየር በ30 ዲግሪ ይሞቃል። 55 ዲግሪ ሆነ። ያው ኩለር፣ ያው የፋን ፍጥነት ሆኖ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ልዩነቱ 37 ወይም 38 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ክፍላችን ደግሞ 16 ዲግሪ ነው። ድምሩ 53 ወይም 54 ነው። አያችሁት? ብርዱ የሰጠንን ስስ አየሩ መልሶ ወሰደው። ኮምፒውተራችን በብርዱ ምክንያት የተለየ ጥቅም አያገኝም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት፣ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር የሚሠራበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይብስብናል።

ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሌላ ታሪክ ነው። ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ከደብረ ብርሃን ይሻላል። ሙቀቱ ግን በብዙ ይበልጣል። ክፍሉ 32 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም፤ የአየር ኩለር ምንጊዜም ከክፍሉ አየር በላይ ነው የሚያቆየው። እዚያ ያላችሁ ሰዎች እኛ ከምንገዛው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ግዙ። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ላይም ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ፋን ይኑር።

*የድምፁ ዓይነት።* ኩባንያዎች 24 ወይም 28 ዴሲቤል ብለው ይጽፋሉ። የሚለኩበት ርቀትና ሁኔታ ስለሚለያይ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ይኼ ነው፦ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር የሚያስቸግር ፋን በ750 ዙር ጆሮ ካላስጠጋችሁት አይሰማም። ሁለት ተመሳሳይ ፋኖች አብረው ሲዞሩ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ፋን ከማስጮህ ሁለቱን በዝግታ ማዞር በብዙ ይሻላል።

የፋኑ ስፋትም አለ። ሰፊ ፋን በዝግታ ዞሮ ብዙ አየር ይገፋል፤ ድምፁም ወፍራም ነው። ትንሽ ፋን በፍጥነት መዞር አለበት፤ ድምፁም ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይበሳል። ቀረጻ ላይ የሚያበላሸው እሱ ነው።

*ቁመትና ቦታ።* ጥሩ ኩለሮች ቁመታሞች ናቸው። ከ155 እስከ 168 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ብዙ ርካሽ ኬዞች ደግሞ ከ155 ወይም ከ160 በላይ አያስገቡም። የኬዛችሁ ወረቀት ላይ የኩለር ቁመት ወሰን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከሌለ ከማዘርቦርዱ (ፕሮሰሰሩ ከተሰካበት ዋና ሰሌዳ) ፊት እስከ ኬዙ መዝጊያ ድረስ በማስመሪያ ለኩ። እኔ ሳልለካ 165 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩለር ገዝቼ፣ ገጥሜ ጨርሼ፣ የኬዙ መስታወት አልዘጋ ብሎኝ ያውቃል። ለአምስት ሚሊ ሜትር ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለስኩ።

ራሙም (ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ሜሞሪ) ይታይ። ትልልቆቹ ኩለሮች በራሙ ላይ ነው የሚያንዣብቡት። ራማችሁ ቀንድ ያለው፣ መብራት ያለው ረጅም ከሆነ የፊተኛውን ፋን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ይኖርባችኋል። ያኔ አጠቃላይ ቁመቱ ይጨምራል። አጭር ራም ያለው ሰው ይህ ሐሳብ የለበትም።

*አቧራ።* በበጋ ነፋሱ ሲነሣ መስኮት ዘግተንም አቧራው ይገባል። በዚያ ላይ ደግሞ የቡናው ከሰል፣ የእጣኑ ጭስ፣ የጋቢና የብርድ ልብስ ብናኝ አለ። ጭሱ የኩለሩ ቅጠሎች (ሙቀቱን ለአየሩ የሚያስረክቡት ስስ ብረቶች) ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ ብናኙ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ቅጠሎቹ በጣም የተጠጋጉ ኩለሮች ቶሎ ይደፈናሉ። ሳሳ ብለው የተደረደሩት ለማጽዳትም ይቀላሉ፣ በዝግተኛ ፋንም ይተነፍሳሉ።

*ፋኑ ሲሞት።* ብረቱ አይሞትም፤ ፋኑ ግን አንድ ቀን ያረጃል። መደበኛ 120 ሚሊ ሜትር ካሬ ፋን የሚቀበል ከሆነ ምትክ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ለየት ያለ ቅርፅ ያለው ከሆነ ከውጭ ማስመጣት ሊሆን ነው።

ሶኬቱን (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን) በአጭሩ፦ ኤኤም5 ወይም ኤልጂኤ 1700 ይሁን፣ የእናንተን ቦርድ የሚይዘው ብረት ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከፍታችሁ እዩ።

አማራጮቹ

*ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው።* ኢንቴል «ኬ» ምልክት ያላቸውን ሲሸጥ ኩለር አይጨምርም። ኤኤምዲም 7950ኤክስን ያለ ኩለር ነው የሚሸጠው። ለራይዘን 7 7700ና ለመሰሎቹ ግን ኩለሩ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ሥራውንም ይሠራል። ለቢሮ ሥራ፣ ለጽሑፍ፣ ለትንሽ ኤዲቲንግ ይበቃል። ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ግን አይሆንም። ፋኑ ትንሽ ስለሆነ በፍጥነት ነው የሚዞረው።

*አጭር ኩለር።* ጠባብ ኬዝ ላላቸው የተሠራ ነው። ለኃይለኛ ፕሮሰሰር አልመክረውም። ጠባብ ኬዝ ኖሯችሁ ጸጥታ ከፈለጋችሁ ከኩለሩ በፊት ኬዙን ቀይሩ።

*ባለ አንድ ታወር፣ አንድ 120 ፋን።* አራት የመዳብ ቱቦዎችና አንድ ቁመታም የአሉሚኒየም ቅጠል ክምር ነው። ቱቦዎቹ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ አለ። ከፕሮሰሰሩ በኩል ይተናል፣ ላይኛው ቅጠል ጋ ደርሶ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ጀበና ክዳን ላይ የሚንጠባጠበውን እንፋሎት አስቡት። ዲፕኩል ኤኬ400 የዚህ ወገን ነው፤ ቁመቱ 155 ሚሊ ሜትር ነው። ከ30 እስከ 40 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። እስከ 120 ዋት ድረስ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰማል። ክብደቱ ቀላል ስለሆነም መንገድ ላይ አያሳስብም።

*ባለ ሁለት ታወር፣ ሁለት 120 ፋን።* ለብዙ ሰው የምመክረው ይኼንን ነው፤ ለምን እንደሆነ ልዘርዝር። ሁለት የቅጠል ክምር አለው፣ ስድስት ወይም ሰባት ቱቦ፣ ሁለት ፋን። ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ዋጋው በእጥፍ አይጨምርም። ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ 155 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስድስት ቱቦ አለው፣ ፋኖቹ ከ1,550 ዙር አይበልጡም። ውጭ አገር 35 ዶላር ገደማ ነው የሚሸጠው። ዲፕኩል ኤኬ620 ደግሞ 160 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፋኖቹ እስከ 1,850 ዙር ይሄዳሉ፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለቱም መደበኛ ካሬ ፋን ነው የሚጠቀሙት። ፋኑ ቢሞት ማንኛውም ሱቅ ያድናችኋል።

ይህ ወገን እስከ 170 ወይም 180 ዋት በእኛ ከፍታ ላይ ጸጥ ብሎ ይሸከማል። ቁመቱም ከብዙ ኬዝ ጋር ይስማማል። እኔ ቤት አሁን ያለው የዚህ ዓይነት ነው።

*ትልቁ ባለ ሁለት ታወር፣ ሰፋፊ ፋን ያለው።* ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ የአየር ኩለር ሁሉ የሚወዳደርበት ሆነ። ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከሁለቱም ፋኖች ጋር 1,320 ግራም ነው። በ2024 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ስምንት ቱቦ አለው፣ 168 ሚሊ ሜትር ይቆማል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ሲወጣ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። ቢ ኳየት ዳርክ ሮክ ፕሮ 5ም 168 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል።

እነዚህ ምርጥ ናቸው፤ ጥያቄው ያስፈልጉኛል ወይ የሚለው ነው። ከመካከለኛው ወገን ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው። ዋጋው ግን ሦስትና አራት እጥፍ ነው። ከ200 ዋት በላይ ለሰዓታት ለሚያሠራ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ዋጋቸውን ያወጣሉ። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰውም እንዲሁ። ለሌላው ሰው ያ ብር ራም ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ቢገዛበት ይሻላል።

*ፋን የሌለው።* ምንም ድምፅ የለውም፤ ሐሳቡ ደስ ይላል። ኖክቱዋ በ2021 ኤንኤች-ፒ1 የሚባል አውጥቷል። ግን በራሱ በሚነሣ አየር ላይ ብቻ የሚተማመን ዕቃ ስስ አየር ላይ ይበልጥ ይቸገራል። ለኃይለኛ ፕሮሰሰር፣ ለደብረ ብርሃን ከፍታ፣ አይሆንም እላለሁ።

*የውሃ ኩለሩስ?* ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ነገር አስተውሉ፤ ውሃውም ቢሆን በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚሁ ስስ አየር ነው። ከከፍታው አያመልጥም። ፓምፑ ደግሞ ሥራ በሌለበት ሰዓትም የራሱ ድምፅ አለው። ፓምፑ ከሞተ ሁሉም ነገር ቆመ። 253 ዋቱን ሙሉ ያለ ገደብ ማስኬድ ለሚፈልግ ትልቁ ባለ ሦስት ፋን የውሃ ኩለር ቦታ አለው። ከዚያ ውጪ በክፍለ ሀገር ስንኖር፣ መለዋወጫ ሩቅ ሆኖ፣ የአየሩ ያስተማምነኛል።

ባጭሩ ለማየት

ዋቱን የሞላሁት ደብረ ብርሃን ላይ «ጸጥ ብሎ» ሊሸከም ይችላል ብዬ በምገምተው ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው ያነሰው ለዚህ ነው።

| ዓይነት | ጸጥ ብሎ የሚሸከመው | ቁመት | ድምፅ | ዋጋ (ውጭ አገር) | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣ | እስከ 65 ዋት | አጭር | ሥራ ሲበዛ ይጮኻል | በፕሮሰሰሩ ዋጋ ውስጥ | ለቢሮ ሥራ |
| አጭር ኩለር | እስከ 65 ዋት | አጭር | ቀጭን ድምፅ | ይለያያል | ለጠባብ ኬዝ |
| ባለ አንድ ታወር | እስከ 120 ዋት | 155 ሚ.ሜ ገደማ | ጥሩ | ከ30–40 ዶላር | ለመካከለኛ ፕሮሰሰር |
| ባለ ሁለት ታወር፣ 120 ፋን | እስከ 180 ዋት | 155–160 ሚ.ሜ | በጣም ጥሩ | ከ35–65 ዶላር | ለአብዛኛው ሰው |
| ትልቁ ባለ ሁለት ታወር | እስከ 220 ዋት | 165–168 ሚ.ሜ | ምርጥ | ከ100–150 ዶላር | ለከባድ ሬንደር፣ ለስቱዲዮ፣ ለቆላ |
| ፋን የሌለው | ለኃይለኛ አይሆንም | 158 ሚ.ሜ | የለውም | ውድ | ለቀላል ሥራ ብቻ |

የብር ዋጋውን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ከሱቅ ሱቅም ይለያያል። የዶላሩን ዋጋ ይዛችሁ ሂዱና በዕለቱ ምንዛሪ አስሉ፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ጨምሩ። አንድ ሻጭ ከዚያ በላይ ብዙ ከጠራባችሁ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።

እንደየአቅማችሁ

ብር ያጠራት ተማሪ ከሆናችሁና ፕሮሰሰራችሁ 88 ዋት የማያልፍ ከሆነ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ጀምሩ። ሲያስመርራችሁ ባለ አንድ ታወር ግዙ። ለእንደዚህ ያለ ፕሮሰሰር እሱ ራሱ ትርፍ አቅም አለው፤ ፋኑን በዝግታ እያዞረ ያሠራዋል።

የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ኮር አይ5 13600ኬን ወይም መሰሉን የያዛችሁ፣ ሁለት ጊዜ ሳታስቡ ባለ ሁለት ታወሩን በ120 ፋን ውሰዱ።

ኮር አይ9 ወይም ራይዘን 9 ላላችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ትልቁን ኩለር መግዛት ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የመረጥኩት፣ መካከለኛውን ገዝቶ የፕሮሰሰሩን ኃይል መገደብ ነው። የእኔ 7950ኤክስ ነው። ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቼ ኢኮ ሞድ የሚለውን የኃይል መቆጠቢያ 105 ላይ አደረግሁት። ያኔ ትልቁ ወሰኑ ከ230 ዋት ወደ 142 ዋት ይወርዳል። ፍጥነቱ ይሞታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ሬንደር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ጨመረ። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ለመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ብለው ነው ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚበሉት። ኢንቴል ያላችሁም ባዮስ ውስጥ የኃይል ገደቡን ከ253 ወደ 160 ወይም 180 ማውረድ ትችላላችሁ። ብር አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ የተሻለ ይቆይላችኋል።

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህችን ሞክሩ። አዲስ ኩለር ሳትገዙ ችግራችሁ ሊፈታ ይችላል።

ከገዛችሁ በኋላ

የእነ 7950ኤክስ ጠባይ አንድ አለ። ሙሉ ሥራ ላይ እስከ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሠሩት። ኢኮ ሞድ ካላደረጋችሁ ጥሩ ኩለር ገጥማችሁም 95 ልታዩ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፤ አልተበላሸም። ችግሩ ማዘርቦርዱ 95 ሲያይ ደንግጦ ፋኑን በሙሉ ኃይሉ መልቀቁ ነው። ኢኮ ሞዱን አድርጉና፣ ባዮስ ውስጥ የፋን መቆጣጠሪያው ጋ ገብታችሁ ከ80 ዲግሪ በታች ፋኑ ከግማሽ ፍጥነት እንዳያልፍ አድርጉ።

ሌላው የፋኑ መነሣትና መውረድ ነው። የፕሮሰሰር ሙቀት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ፋኑ እሱን እየተከተለ ሲነሣና ሲወድቅ ጆሮ ይሰለቻል። ወጥ የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ ጆሮ ይለምደዋል፤ የሚለዋወጠውን አይለምደውም። ባዮሱ ውስጥ ፋኑ ለለውጥ የሚዘገይበትን ሰዓት ጥቂት ሰከንድ ስጡት። እኚያን አባት ያቋረጣቸው ድምፅ ይኼው መነሣትና መውረዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጾም ተመልሰው መጡልኝ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ፋኖች በ600 ዙር አካባቢ ነበሩ። ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ ከፍ አድርጌ ሰማሁት። የገመዱ ንዝረት ቀስ እያለ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ የክፍሉ ጸጥታ ብቻ ቀረ።

ሲገጠም ደግሞ እባካችሁ የኩለሩን መቀመጫ ገልብጣችሁ እዩ። አንድ ጎረቤቴ «ኩለሩ አይሠራም» ብሎ ኮምፒውተሩን አምጥቶልኝ ነበር። ገና ሲከፈት 90 ዲግሪ ያልፋል። ኩለሩን ፈትቼ ሳነሣው ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ አገኘሁ። ላዩ ላይ «ከመግጠምዎ በፊት ያንሱ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የገጠመለት ባለሙያ ረስቶት ነው። ፕላስቲኩን ልጠን፣ አጽድተን፣ የአተር ፍሬ የምታክል ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጨምረን ገጠምነው። ሙቀቱ ወዲያው ወረደ። ሊወረውረው የነበረ ኩለር ነው።

ጽዳቱን ከበጋው ነፋስ በኋላ አንዴ፣ ከክረምት በኋላ አንዴ አድርጉት። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ስትጠርጉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ በነፋስ እንዲሽከረከር አትተዉት።

መጨረሻ ላይ መንገዱ አለ። አዲስ አበባ አስገጥማችሁ በሚኒባስ የምታመጡ ከሆነ ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ማዘርቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚመጣ አስቡ። ኬዙ ቆሞ ከመጣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ቦርዱን ይጎትተዋል። ኬዙን በጎኑ አስተኙት፤ መስታወቱ ወደ ላይ፣ ኩለሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን። ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ በጣርማ በር ጠመዝማዛ ላይ ይህ ብቻውን አያስተማምንም። እኔ ኩለሩን ፈትቼ በጋቢ እጠቀልለውና እግሬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። አሮጌውን ፔስት ቤት ደርሼ እጠርግና አዲስ ቀብቼ እገጥመዋለሁ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።